እህትማማቾች ነን፣ ካንሰራችን ግን ለየቅል ነው

የባዮፕሲ (ተቆርጦ የተመረመረ ሥጋ) ውጤታችሁን አውጥታችሁ እዩት። የጡት ካንሰር መሆኑ ተጽፏል እንበል። የካንሰሩን ዓይነት የሚለዩት ኢአር፣ ፒአር እና ሄር-2 የሚሉት ሦስት ነገሮችስ ተጽፈዋል? ካልተጻፉ ምርመራው ገና አላለቀም። ከዚህ የጀመርኩት ሌላውን ሳታነቡ ብትተዉት እንኳ ይህቺን ይዛችሁ እንድትሄዱ ብዬ ነው።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ አቶቴ አካባቢ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ታላቅ እህቴንም እኔንም የጡት ካንሰር ይዞናል። እሷን 47 ዓመቷ ላይ፣ እኔን ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ38 ዓመቴ። እትዬ ነው የምላት፣ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአንድ አባትና እናት ልጆች ነን። የያዘን ካንሰር ግን አንድ አልነበረም። ይህን ለመረዳት ብዙ ወረቀት፣ ብዙ እንባና አንድ ታጋሽ ሐኪም አስፈልጎኛል።

የእትዬን እብጠት መጀመሪያ ያየው አንድ ክሊኒክ ነበር። "ስብ ነው" ብለው አደንዝዘው አወጡት፣ ሰፉት፣ ወደ ቤቷ ላኳት። የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ አልሄደም። ተጣለ። ዓመት ሳይሞላው እዚያው ቦታ ተመልሶ አበጠ። ያኔ ሪፈራል ሄደች፣ ባዮፕሲ ተሠራ፣ ጡቷ ተነሳ፣ ኬሞ ወሰደች። ኢአር ፖዘቲቭ ስለነበረች ታሞክሲፌን ተጀመረላት። በቀን አንድ ፍሬ፣ ለዓመታት። ከሰውነት የወጣ እብጠት፣ ስብም ይምሰል ሌላ፣ ሳይመረመር አይጣል። እባካችሁ፣ "የወጣው ሥጋ የት ይላካል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

የእኔ ሲመጣ እትዬ ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ ቤቴ መጣችና ከቦርሳዋ አንድ ፓኮ ታሞክሲፌን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። "ደማችን አንድ፣ በሽታችን አንድ" አለችኝ። "ውጤትሽ እስኪደርስ ከዚህ ጀምሪ። እኔን ያቆመኝ እሱ ነው።" ፍቅሯን ሳየው ሆዴ ባባ። መድኃኒቱን ሳልነካው አቆይቼ፣ ውጤቱ ሁሉ ሲደርስ ይዤው ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም። የእኔ ናሙና ላይ ኢአር ኔጌቲቭ፣ ፒአር ኔጌቲቭ፣ ሄር-2 ኔጌቲቭ ነበር። ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚሉት ማለት ነው። ፓኮውን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። "እህቴ፣ በር በሌለው ቤት ላይ ቁልፍ ቢሰቀል ምን ይጠቅማል? የአንቺ ካንሰር ይህ መድኃኒት የሚይዘው በር የለውም" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢአር ፖዘቲቭ ሲባል የካንሰሩ ሴሎች ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አላቸው ማለት ነው። ከሆርሞኑ ጉልበት እያገኙ ይባዛሉ። ፒአር ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን መቀበያ ነው። ታሞክሲፌን መቀበያውን ቀድሞ ይይዝና ሆርሞኑን ያስቀረዋል። እንደ እትዬ ላለች ሴት አምስት ዓመት በትክክል ቢወሰድ በ15 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ የመሞትን ዕድል በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ያህል የሚሠራ፣ የሚዋጥና ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች አንፃር ርካሽ የሆነ ነገር ሲቋረጥ ሳይ ያንገበግበኛል። ትኩሳት ትኩሳት አለኝ፣ ወይም ደግሞ ዳንኩ ብለው የሚተዉት አሉ። መቀበያው ለሌላት ሴት ግን ያው ፍሬ ምንም አያደርግላትም፣ ጊዜዋን ብቻ ይበላል።

"እኛ ጥቁሮች ሁላችንም ትሪፕል ኔጌቲቭ ነን" የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ልክ አይደለም። በዓለም ደረጃ ከ100 የጡት ካንሰር 70 ያህሉ ኢአር ፖዘቲቭ ነው። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶችም ከግማሽ በላይ ሴቶች ፖዘቲቭ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ታሞክሲፌን የሚሠራልን ሆነን ሳለ፣ ምርመራው ባለመደረጉ ብቻ ልናጣው እንችላለን።

ሄር-2 ደግሞ 17ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ጂን ነው። ጤነኛ ሴል ውስጥ ሁለት ቅጂ አለው። ከ100 የጡት ካንሰር ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ቅጂው ከልክ በላይ ይበዛል፣ ሴሉም ተባዛ ተባዛ የሚል ትእዛዝ ያለማቋረጥ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ሐኪም ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ ይህ ጂን የበዛባቸው ሴቶች በሽታቸው ቶሎ እንደሚመለስ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚህ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን የሚይዘው ሄርሴፕቲን የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ውጤቱን ማወቅ ይጠቅማል፣ ለመፈለግም ለመጠየቅም መነሻ ይሆናል።

አንዲት ነገር ልጨምር። የሄር-2 ውጤት 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ነው የሚጻፈው። 0 እና 1+ ኔጌቲቭ፣ 3+ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ከሆነ ገና አልተወሰነም ማለት ነው፣ የጂኑን ቅጂ የሚቆጥር ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። ኬሞ ስንወስድ አጠገቤ የተኛች አንዲት የዲላ ሴት ውጤቷ 2+ ነበር። ማንም ምንም አላላትም። ጠይቂ ብዬ ወተወትኳት።

የእኔ ዓይነቱ ካንሰር እነዚህ ሦስቱም የሉትም። ብዙውን ጊዜ ፒ53 የሚባለው ጂን የተበላሸበት ነው። ይህ ጂን ጉዳት የደረሰበትን ሴል አቁም ወይም ሙት የሚል ነው። እሱ ሲጠፋ ሴሉ ስህተቱን እንደያዘ ይባዛል። ወረቀቴ ላይ ግሬድ 3፣ ኪ-67 ደግሞ 70 በመቶ ይላል። ግሬድ የካንሰሩ ሴሎች ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ የሚለካበት ነው፣ 3 ከፍተኛው ነው። ኪ-67 በዚያች ሰዓት በመባዛት ላይ ያሉትን ሴሎች የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሳየው ልቤ ዱብ አለ። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ነገረኝ፣ እስከዛሬ የምይዘው። ትሪፕል ኔጌቲቭ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። አምስት ዓመት ካለፈ ስጋቱ በጣም ይወርዳል። ኢአር ፖዘቲቭ ደግሞ ቀስ ያለ ነው፣ ግን ከ10፣ ከ20 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ፈጥኖ የሚባዛውን ኬሞ ጥሩ አድርጎ ያገኘዋል። ስለዚህ "ፈጣን ነው" ሲባል ተስፋ የለውም ማለት አይደለም።

አሁን ስለ ናሙናው ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። እኛ አገር ናሙናውን ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው። የእኔን ባለቤቴ ነበር የያዘው። ክዳኗ ሰፊ የሆነች ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ላይዋ ላይ ስሜ በፕላስተር የተለጠፈባት። ውስጧ ያለው ፎርማሊን ነው፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሥጋው በውኃ ወይም በግሉኮስ ውስጥ ከቆየ፣ ወይም ፎርማሊኑ ጥቂት ከሆነ መቀበያዎቹ ይበላሹና ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ሥጋው እዚያ ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ወጥቶ "ሰኞ ከሰዓት እናደርሰዋለን" አይባልም። መቼ እንደወጣ ሰዓቱን ዕቃው ላይ አስጽፉ። እግረ መንገዳችሁን የትም አትቁሙ።

የእኔ የመጀመሪያ ውጤት "ካንሰር፣ ግሬድ 3" ብሎ ቆሟል። ከላይ ያልኳቸው ሦስቱ አልተሠሩም። እንደገና ልቆረጥ ነው ብዬ ስፈራ፣ ለካ አያስፈልግም። ላቦራቶሪው ሥጋውን በሰም ውስጥ አትሞ ያስቀምጠዋል። ብሎክ ይሉታል። ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። ነጣ ያለች ሰም፣ መሐሏ ላይ የሥጋው ቁራጭ፣ ጎኗ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር። የሐኪም ደብዳቤ ይዘን ጠየቅን፣ ሰጡን። ባለቤቴ በፖስታ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፈረ። አዲስ አበባ ላይ ምርመራው ተሠራ። ብሎኩ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይቆያል። የናንተ ነው፣ የት እንዳለ እወቁ።

ከውጤቱ በኋላ ሐኪሙ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አመጣ። "በቤተሰባችሁ ማን ማን ታሟል? በአባትሽም በኩል ንገሪኝ" አለኝ። የማዘዣ ወረቀት ገልብጦ መሣል ጀመረ። ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን። የታመመውን በእስክሪብቶ ያጠቁራል። እትዬ ጠቆረች፣ እኔ ጠቆርኩ። ከዚያ ይርጋለም የነበረችው የአባቴ እህት ትዝ አለችኝ። ገና በ40ዎቹ ሆዷ አብጦ፣ ውኃ ሞልቶ ነው የሞተችው። "ጉበት ነው" ተብሎ ነበር። የአባቴ አጎት ልጅ ደግሞ ጡቷን ታማ በ30ዎቹ አርፋለች። ጠቆሩ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። እስካሁን ያወራሁት ካንሰሩ ራሱ ውስጥ ስለተበላሸ ጂን ነው። ያ እኛ ስንወለድ የለም፣ ወደ ልጆቻችንም አይሄድም። ሌላው ከወላጅ የሚወረስ ነው፣ በእያንዳንዷ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ያለ። የሚወረሰው ከ100 የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው። አብዛኛው ሴት በዘር አይደለም የሚይዛት። ጎረቤት "ዘራቸው ነው" ሲል ይህን ቁጥር ንገሩት።

ከሚወረሱት ዋነኞቹ ብራካ 1 እና ብራካ 2 ናቸው። ሥራቸው የተበጠሰ ዲኤንኤ መጠገን ነው። ሜሪ-ክሌር ኪንግ የምትባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990 ብራካ 1 በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንዳለ አሳየች። ብዙዎች የጡት ካንሰር በአንድ ጂን ሊወረስ ይችላል ብለው በማያምኑበት ጊዜ ነበር ለዓመታት ቤተሰቦችን እያጠናች የቆየችው። ጂኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ተገኘ። የተበላሸ ብራካ 1 የያዘች ሴት እስከ 80 ዓመቷ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 70 በመቶ ገደማ ነው። የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው ካንሰር ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። የብራካ 1 ሴቶች የጡት ካንሰር አብዛኛው ትሪፕል ኔጌቲቭ ነው። የአክስቴ "ጉበት" ምን እንደነበር አሁን እጠረጥራለሁ።

የጂን ምርመራውን ያሠራሁት ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፍላልኝ ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ካለ የግል ላቦራቶሪ ወደ ውጭ ተላከ። ብራካ 1 ተበላሽቶ ተገኘ። ሁላችንም እትዬም እንዲሁ ናት አልን። እሷ ስትመረመር አንዷን የታወቀች ቦታ ብቻ ስለሚያዩ ዋጋው በጣም ቀነሰ። ውጤቷ ኔጌቲቭ! ሐኪሙን ደግመን ደጋግመን ጠየቅነው። ልክ ነው አለን። የጡት ካንሰር ብዙ ሴቶችን የሚይዝ በሽታ ስለሆነ፣ ጂኑ ባለበት ቤት ውስጥም ጂኑን ያልወረሰች ሴት በራሷ መንገድ ልትታመም ትችላለች። የእትዬ ልጆች ይህን ጂን ከእናታቸው አይወርሱም። የእኔ ልጆች እያንዳንዳቸው ግማሽ በግማሽ ዕድል አላቸው።

በጣም ያስለቀሰችኝ ግን እናቴ ናት። ሁለት ሴት ልጆቿ ሲታመሙ ሰፈሩ ጣቱን የጠቆመው እሷ ላይ ነበር። "ከእናታቸው ነው፣ ጡት ከእናት ነው የሚወረስ" ይባላል። ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት ፊት ለፊቷ ብላታለች። እማዬ ምንም አልመለሰችም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ጡታችንን በተናገርን ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ጂኑ ከአባት በኩል መሆኑን ስነግራት አባቴን ለመውቀስ አልፈጠነችም። "ሟችን አትንኩ፣ እሱስ አውቆ ሰጣችሁ?" አለች። አባቴም እንደዚያው ከወላጆቹ የተረከበው ነው። ወንድ ጂኑን ይዞ አንድም ቀን ሳይታመም ኖሮ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ስትጠየቁ የአባታችሁን እህቶች አትርሱ። የኦቫሪ ካንሰርንም፣ በጊዜው ሌላ ስም የተሰጠውን የሆድ እብጠትም ንገሩ።

ወንድሜ መጀመሪያ አልመረመርም አለ። ፍርሃቱ ለራሱ አልነበረም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። "ስማቸው ከወጣ ማን ያገባቸዋል?" ነው ያለው። አልተቆጣሁትም፣ እኛ አገር ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ግን እንዲህ አልኩት፦ "ውጤቱን ለሰፈር አንነግርም። ለሐኪም ነው የምንነግረው።" የብራካ ችግር ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ የጡት ኤምአርአይ፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ጭምር እንድትታይ ይመከራል። ኤምአርአዩ ባይገኝ እንኳ በሐኪም እጅ መታየትና አልትራሳውንድ አለ። የማያውቅ ግን ምንም አይታይም። በመጨረሻ ተመረመረ፣ እሱም ጂኑ አለበት። ትልቋ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ነገሯት፤ ስትዘጋጅ ትመረመራለች። ትንሿንና የእኔን ልጆች አናስመረምርም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውጤቱን ቢያውቅ ምንም የሚሠራበት ነገር የለም። አድገው ራሳቸው ይወስኑ።

ለእኔ ውጤቱ ሕክምናዬንም ነክቶታል። የመጠገን አቅም የጎደለው ካንሰር ዲኤንኤ በሚሰብሩ እንደ ካርቦፕላቲን ባሉ መድኃኒቶች ክፉኛ ይመታል፣ ሐኪሙም ኬሞዬ ውስጥ ጨመረልኝ። ከዚያ ኦቫሪዬንና ቱቦዎቹን አስወጣሁ። ለብራካ 1 ሴቶች ወልደው ከጨረሱ ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ይመከራል። ኦቫሪን በጊዜ የሚያሳይ አስተማማኝ ምርመራ የለም፣ ስለዚህ መጠበቁ አልታየኝም። ማረጥ በአንድ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ንጭንጩ ቀላል አይደለም፣ ባለቤቴም ልጆቼም ቀመሱት። ያም ሆኖ ዛሬም ብጠየቅ አስወጣዋለሁ።

እኔ አራተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ። እትዬ ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ዳሌዋን ማመም ጀመራት። ቁርጥማት ነው ብላ ወራት አሳለፈች። ስካን ሲደረግ አጥንቷ ላይ ታየ። ሐኪሙ እንደገና ናሙና ልውሰድ ሲላት "ዓይነቱ ታውቆ የለ እንዴ፣ ለምን ትወጋኛለህ?" አለችው። ምክንያት አለው። ካንሰር በቆየ ቁጥር ጂኖቹ ይለዋወጣሉ። ከመድኃኒቱ ያመለጡት ሴሎች ናቸው የሚባዙት፣ ስለዚህ የተመለሰው ካንሰር መጀመሪያ ከነበረው ሊለይ ይችላል። ኢአር የነበረው ሊያጣው፣ ሄር-2 ያልነበረው ሊያመጣ ይችላል።

ተወጋች። ኢአር አሁንም ፖዘቲቭ ነው፣ ፒአር ጠፍቷል፣ ሄር-2 ኔጌቲቭ ነው። ታሞክሲፌኑ ቆመና ሌትሮዞል የሚባል ኤስትሮጅንን የሚቀንስ ፍሬ ተጀመረላት፣ አጥንቷን የሚያጠነክር መርፌም ታዘዘላት። አሁን ሕመሙ ቀንሶላት ገበያ ራሷ ትሄዳለች፣ አሞራ ገደልም ወርዳ ዓሣ ትገዛለች። አዲሱን ውጤት ከስምንት ዓመት በፊቱ ጋር አያይዤ አስቀምጬላታለሁ፣ ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። እናንተም አሮጌውን ወረቀት አትጣሉት። ሐኪሙ ምን እንደተለወጠ የሚያየው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ነው።